የልጆቼ ምሳ ዕቃ ኢንዶሚና ብስኩት ብቻ ሆነብኝ፤ እናንተ ምን ትቋጥራላችሁ?

እናት_ከገርጂ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ በተለይ ልጆቻቸውን በጠዋት ሰርቪስ ላይ አሳፍረው ወደ ሥራ ለሚሮጡ ወላጆች ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ትንሿ ኬጂ ሁለት። ሰርቪሱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ጥሩምባውን ያሰማል። እኔና ባለቤቴም ብዙ ሳንቆይ እንወጣለን። ልጆቹ ምሳ የሚበሉት ስድስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ጠዋት የቋጠርኩት ምግብ እስከዚያ ድረስ ምሳ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ማሞቂያ የሚባል ነገር የለም።

ትልቁ ልጄ ቤት ሲሆን ሽሮ ከቀረበ ማንንም አይጠብቅም። ትምህርት ቤት ግን አልወስድም አለ። ለምን ስለው «ስከፍተው ይሸታል ይሉኛል» አለኝ። አጠገቡ የሚቀመጡት ልጆች ኢንዶሚ፣ የድንች ጥብስ በካቻፕ፣ አንዳንዴም ማታ ከበርገር ቤት የተገዛ ይዘው ይመጣሉ። ፍትፍቱን ሳይነካው መልሶ ያመጣል፤ ልጄ ጦሙን ዋለ ማለት ነው። ስለዚህ አሁን እሱም ኢንዶሚ ይይዛል። ስድስት ሰዓት ላይ ቀዝቅዞ ተጣብቆ፣ በሹካ ሲነካ የምሳ ዕቃውን ቅርጽ እንደያዘ አብሮ የሚነሳውን ነገር ጥርግ አድርጎ በልቶ ይመጣል።

የትንሿ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የመጣ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የተላከልን ወረቀት ለመክሰስ «ደረቅ ምግብ» ብቻ እንድንልክ ይላል፤ ወጥ ይፈሳል፣ ደብተር ያበላሻል ነው ምክንያቱ። ለምሳሌ ብለው የዘረዘሩት ብስኩት፣ ኬክ፣ ቺፕስና የታሸገ ጁስ ነው። ጁሱን አንድ ቀን አገላብጬ አየሁት። ፊቱ ላይ ጭማቂው የሚንጠባጠብ የተቆረጠ ማንጎ ተስሏል። ጀርባው ላይ በደቃቃ ፊደል መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ስኳር ይላል። ማንጎው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

በጣም የሚከነክነኝ ይኼ ነው፦ ጎረቤቴ ልጇን መንግሥት ትምህርት ቤት ነው የምታስተምረው። የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ባስጀመረው ምገባ ልጇ ጠዋት ቁርስ፣ ቀን ምሳ እዚያው ትኩስ ትኩሱን ትበላለች። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር አንድ ዓይነት ምግብ ስለሚበሉ ማንም በማንም ምሳ አያፍርም። እኔ በየወሩ ስንት ከፍዬ የማስተምራቸው ልጆች ግን የሚበሉት ከፋብሪካ የወጣ ደረቅ ነገር ነው።

እንግዲህ እስከ ስድስት ሰዓት የማይበላሽ፣ የማይፈስ፣ ልጅ የማያፍርበት ምን ትቋጥራላችሁ? ኢንዶሚ ሰም አለበት፣ ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ እውነት ነው? ትምህርት ቤት አሳምኖ ይህን የ«ደረቅ ምግብ» ደንብ ያስቀየረ ወላጅ ካለ ደግሞ እባካችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ።

ባለሱቁ

እህቴ፣ ከሌላኛው ወገን ሆኜ ልመልስልሽ። ሱቄ ጎሮ አካባቢ ከአንድ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ነው። ልጆችሽ ምን እንደሚበሉ የሚወስነው የእናት ስንፍና ነው ብለሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ። ነገሩ ከሱቄ በር ይጀምራል።

ሱቄ ውስጥ ያለውን ማቀዝቀዣ የገዛሁት እኔ አይደለሁም። የለስላሳ አከፋፋዩ ነው በነጻ ያስቀመጠልኝ። የሌላ ድርጅት ምርትም ሆነ እርጎ እንዳይገባበት ተነግሮኛል፤ ቁጥጥርም አለ። እርጎ ልሽጥ ብል የራሴን ማቀዝቀዣ መግዛት አለብኝ፤ የመብራቱን ነገር ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ አንድ ሌሊት ከጠፋ እርጎው ይበላሻል። ለስላሳው ግን ሳምንት ቢጠፋም ምንም አይሆንም። ብስኩትና ቺፕስም እንደዚያው ነው። የአከፋፋዩ መኪና በቀኑ ይመጣል፣ እስከ በሬ ያወርድልኛል፣ አንዳንዴም እስክሸጥ ድረስ በዱቤ ይሰጠኛል። የቆሎ፣ የለውዝና የሙዝ መኪና ግን የለም። ሙዝ ከፈለግሁ ሌሊት ተነስቼ አትክልት ተራ መውረድ አለብኝ። ከመጣም በኋላ ቀን በገፋ ቁጥር ይጠቁራል፣ የጠቆረውን ልጅ አይገዛም፣ ኪሳራው የእኔ ነው።

አሁን ልጁን እይው። ሰባት ዓመቱ ነው፤ እጁ ላይ አሥር ብር አለ። ሰርቪስ ውስጥ ገብቶ በሩ እስኪዘጋ ያለችው ጊዜ አጭር ናት። በአሥር ብር ምን ይገኛል? ትንሽ ብስኩት፣ በትንንሽ ላስቲክ የታሸገ ቺፕስ ወይም ከረሜላ። ድርጅቶቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ዕቃ ሲወደድ ዋጋውን አይነኩትም፤ ውስጡን ነው የሚቀንሱት፤ ምክንያቱም ልጅ የያዛት ብር ያችው ናት። ሻጮቻቸው ሲመጡ የት ቦታ እንደምደረድርም ይነግሩኛል፦ ብስኩቱ በልጅ ዓይን ትይዩ፣ ጨውና ዘይት ከላይ።

እኔ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ ብዙዎቹን ከኬጂ ጀምሮ ነው የማውቃቸው። ባለቤቴ የገብስ ቆሎና ሽምብራ ቆልታ፣ ከሱፍ ጋር ቀላቅላ በትንሽ በትንሹ ትቋጥራለች፤ ከመደርደሪያው ፊት አድርጌ በዚያው በአሥር ብር እሸጣለሁ። ይሸጣል፤ ቀን እየቆጠረ የሚመጣ ደንበኛም አለው። ግን ከብስኩቱ ጋር እኩል አይሄድም። ብስኩቱ ሥዕል አለው፣ ቴሌቪዥን ላይ ዘፈን አለው፤ ቆሎ ዘፈን የለውም። እኔ ብቻዬን ብስኩቱን ባወጣ ደግሞ ልጁ መንገድ ተሻግሮ ከጎረቤቴ ይገዛል፤ እኔም የቤት ኪራይ መክፈል ያቅተኛል። መንግሥት ከትምህርት ቤት አጥር ይህን ያህል ሜትር ድረስ ለልጅ እነዚህ አይሸጡም ቢልና ሁላችንም ላይ እኩል ቢጸና፣ የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ።

ምግብ_መሐንዲስ

የተማርኩት የምግብ ምህንድስና ነው፤ ፋብሪካ ውስጥም ሠርቻለሁ። የኢንዶሚውን ጥያቄ በቀጥታ ልመልስ።

ሰም የለበትም። ሊጡ በቀጭኑ ይዳመጣል፣ ይቆረጣል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ በፓልም ዘይት ይጠበሳል። ሲጠበስ ውሃው ወጥቶ በጣም ጥቂት ብቻ ይቀራል፤ ወራት የሚቆየው ለዚህ ነው። እንዳይጣበቅ የሚያደርገውም ይኸው ዘይት እንጂ ሰም አይደለም። ስለዚህ በፌስቡክ የሚዞረውን ተዪው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ እሱም በግልጽ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል።

የቅመሙን ፓኬት ተመልከቺ። ብዙ ጊዜ ማሸጊያው የሚጽፈው «ጨው» ሳይሆን «ሶዲየም» ነው። ሶዲየሙን በ2.5 አባዢው፣ ጨው ይሆንልሻል። 900 ሚሊግራም ሶዲየም ካለ ሁለት ግራም ከሩብ ጨው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመክረው፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ልጅሽ በአንድ ምሳ ብቻ የአዋቂን ግማሽ ሊጠጋ ነው። ለስላሳውም እንዲሁ ነው፦ የተለመደው ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር አሥር ግራም ተኩል ያህል ስኳር አለው፤ አንዱ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 32 ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ እንኳ ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይላል።

ዝርዝሩን ስታነቢ ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው፦ በክብደት የሚበልጠው ነው መጀመሪያ የሚጻፈው። ጁሱን አንቺው በትክክል አንብበሽዋል። ብስኩት ላይ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት ከሆነ ያው ነው። «በከፊል ሃይድሮጂኔትድ» የሚል ዘይት ካየሽ ግን ወደ ቤት አታስገቢው፤ ትራንስ ፋት የሚባለው፣ ልብን የሚጎዳው ስብ እዚያ ነው ያለው።

አንድ ጥናት ልጥቀስ፤ እኔን ፋብሪካ ውስጥ ሆኜ ካነበብኳቸው ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ በብሔራዊ የጤና ተቋሙ 20 ሰዎችን እዚያው እያሳደረ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ቤት እንደሚሠራው ያለ ምግብ አበላቸው። የቀረበላቸው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር ተመሳሳይ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተተዉ። የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ይበልጥ በሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ወደ አንድ ኪሎ ጨመሩ። የተቀነባበረው ምግብ ብዙ አያስኝክም፣ ቶሎ ይዋጣል፣ ሆድ «በቃኝ» ከማለቱ በፊት አልቋል።

እኛ ጋ ግን ከውፍረቱ የሚቀድም ችግር አለ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆቻችን 37 በመቶው መቀንጨር ይታይባቸው ነበር። እንዲህ ባለ አገር ብስኩትና ጁስ የልጅን ሆድ ይሞላል፣ የምስሩን፣ የእንቁላሉንና የጎመኑን ቦታ ይይዛል። ልጁ ጠግቧል፤ የሚያሳድገው ነገር ግን አልገባም። እናት ደግሞ «በልቷል» ብላ ትረጋጋለች።

ኢንዶሚውን ጨርሶ ማስቀረት ካልቻልሽ ቅመሙን ግማሹን ብቻ ጨምሪ፣ የተቀቀለበትን ውሃ ድፊ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ከትፈሽ እንቁላል ምቺበት። ተመችቶኛል ሲል ደግሞ ቀስ በቀስ ኢንዶሚውን ቀንሺ፣ አትክልቱን ጨምሪ።

የዱቄት_ሰው

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ልቃወም። ዱቄት ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ «የታሸገ» ሁሉ ሲወገዝ ያመኛል። ይህ አገር ከታሸገ ምግብ ብዙ ተጠቅሟል። ፋፋ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ በስዊድን እርዳታ ሲጀመር የልጅ ምግብ ነበር፤ ስንት እናት በእሱ ልጇን አሳድጋለች። እንቅርት ደጋ ላይ ስንቱን ሲያሠቃይ የነበረው ሰው አዮዲን ያለው ጨው ስላላገኘ ነው፤ መድኃኒቱ በታሸገ ጨው ነው የመጣው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቫይታሚንና በማዕድን እንዲበለጽጉ ግዴታ ሆኗል። ይህ የሚሠራው ፋብሪካ ስላለ ነው፤ በየቤቱ ፎሊክ አሲድ የሚጨምር የለም። በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ እየተጨመረ በሚሸጥበት ገበያ የታሸገና ቀን የተጻፈበት ነገር እናት ብትመርጥ አልፈርድባትም።

ምግብ_መሐንዲስ

ወንድሜ፣ ይህ ትክክል ነው፤ ልዩነቱንም በደንብ አምጥተኸዋል። ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው፣ የታሸገ ወተት ወደ ማዕድ ቤት ገብተው ምግብ ይሠራባቸዋል። እኔ የምለው ገና ሲታሰብ ጀምሮ ማዕድ ቤቱን ለመተካት የተሠራውን ነው። ብራዚላዊው ካርሎስ ሞንቴሮ ከሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ምግብን በአራት የከፈለው በዚህ መንገድ ነው፤ የአንተ ዱቄት ከሦስተኛውም ከአራተኛውም ምድብ የለችበትም። አራተኛው ምድብ ጣዕም፣ ቀለምና ማጣበቂያ ተጨምሮበት፣ ሥዕል ተለጥፎበት ለልጅ እጅ የሚሰጠው ነው። መቆጣጠርም ይቻላል። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር፣ ጨው፣ ስብ ወይም ካሎሪ በበዛበት ማሸጊያ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ጥቁር ምልክት አስለጥፋለች፣ የካርቱን ሥዕሎችን ከላዩ አስነስታለች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጥም ከልክላለች። እኛስ ብንሆን በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1112 የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከመንገድ ሰሌዳ እንዲወርድ አላደረግንም? የጠጪ ጎልማሳን ዓይን ከጠበቅን የኬጂ ልጅን ዓይን መጠበቅ አያቅተንም።

ከነታንያ

ሰላም ወገኖቼ። ከእስራኤል ነኝ፤ ያደግሁትም እዚሁ ነው። እናቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን በተወሰዱበት በዘመቻ ሰለሞን ነው የመጡት። መርከዝ ቅሊታ፣ ማለትም አዲስ ገቢዎች የሚያርፉበት ማዕከል፣ ስንገባ የቀረበልን ነጭ ዳቦ፣ ፑዲንግና ፔቴል ነበር፤ ፔቴል በውሃ የሚበጠበጥ ቀይ ሽሮፕ ነው። ለእናቴ ያ ውሃ ሳይሆን የእንግዳ መጠጥ ነበር፤ ክብር መስሏቸው ለልጅ ሁሉ ይቀዱ ነበር። ጤፍ አልነበረም፤ እንጀራው በነጭ የስንዴ ዱቄት ነው የተጋገረው። ጎጃም ሳሉ ውሃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው፣ ቀኑን በእግር የሚውሉ ሰው አሁን ሕንፃ ውስጥ በሊፍት ነው የሚወጡ።

እንግዲህ የእኛ ሰዎች ሲመጡ ስኳር በሽታ እምብዛም አይታወቅባቸውም ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ውስጥ የስኳር መለኪያ የሌለበት ቤት ፈልጌ አላገኝም። የእናቴ መርፌ ፍሪጅ ውስጥ ከአዋዜው አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ይህ በአንድ ትውልድ ውስጥ የሆነ ነው። እናንተ ጋ ገና ሲጀምር ስላያችሁት ነው ልጽፍ የተነሳሁት።

እዚህ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ሶዲየም ወይም የረጋ ስብ የበዛበት ማሸጊያ ላይ ቀይ ክብ ምልክት ይለጠፋል። እናቴ ዕብራይስጥ አያነቡም፤ ቀዩን ግን ያያሉ። ሱቅ ውስጥ ዕቃውን ያነሱና «ይህ ቀይ አለው» ብለው ይመልሱታል። ስለዚህ ምልክት ከፊደል ይሻላል እላለሁ፤ አገር ቤትም ላላነበበ ሰው ይጠቅማል። በለስላሳ ላይም እ.ኤ.አ. በ2022 ግብር ተጥሎ ነበር፣ በዓመቱ ሌላ መንግሥት መጣና አነሳው።

የልጄ መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ደንቡ ከእናንተ ተቃራኒ ነው፦ ጣፋጭ፣ ባምባ (የታሸገ የለውዝ መክሰስ) እና ጁስ አይገባም፤ ዳቦ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ውሃ ብቻ። ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ስለሚይዝ የሚቀና የለም። እህቴ፣ የልጅሽ ኀፍረት የሚጠፋው አንቺ የተለየ ስለሠራሽለት አይመስለኝም፤ ሁሉም እንደሱ ሲይዝ ነው። ትምህርት ቤቱን ያዢው።

እናት_ከገርጂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለሱቁ፣ የማቀዝቀዣውን ነገር ሳነብ ብዙ ነገር ገባኝ፤ ባለቤቴንም አስነበብኩት። እህቴ ከነታንያ፣ ለእናትሽ ጤና ይስጥልኝ።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ከሌሎች ሁለት እናቶች ጋር ሆነን ለማንሳት ተነጋግረናል። የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። «ደረቅ ምግብ» የሚለው ይቆይ፣ ግን ምሳሌው ይቀየር፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ድፎ ዳቦ፣ ውሃ። እነዚህም እኮ አይፈሱም፣ ደብተርም አያበላሹም። ለትልልቆቹ ደግሞ ምግብ የሚሞቅበት አንድ ክፍል ይሰጠን ነው፤ የማሞቂያውን ዋጋ ወላጅ ያዋጣል። በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም ልጅ እንጀራ ይዞ የሚመጣበት ቀን ይኑር የሚል ሐሳብም ከአንዷ እናት መጥቷል፤ እኔ በጣም ወድጄዋለሁ።

ለልጄ እስከዚያ ድረስ የቋጠርኩለትንም ልንገራችሁ። ጨጨብሳ በትንሽ ቅቤና በርበሬ፣ አጠገቡ የተቀቀለ እንቁላል፤ ሲቀዘቅዝም ይበላል፣ አይሸትምም። ሌላ ቀን ደግሞ ቀይ ምስር ወጡን እስኪደርቅ አጥንኜ እንጀራ ውስጥ ጠቅልዬ እንደ ሳንድዊች ቆራረጥኩት፤ አጠገቡ የነበረው ልጅ አንዱን ለምኖ እንደበላ ነገረኝ። ኢንዶሚው ዓርብ ብቻ ሆኗል፣ በግማሽ ቅመም፣ ከካሮትና ከጥቅል ጎመን ጋር፤ ዓርብ ጦም ስለሆነ እንቁላሉን አልመታበትም።

አሁን የቸገረኝ ለትንሿ የሚሆን በጾም ቀን የሚቋጠር ነው፤ ለውዝ አይስማማትም። ደግሞም ለትምህርት ቤት አስተዳደር እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፎ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ስሙን አጥፍታችሁ እዚህ ለጥፉልኝ፤ ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ለሌሎቹ እናቶች ላሳያቸው እፈልጋለሁ።

ባለሱቁ

ለትንሿ ሽምብራ በጨው ታሽቶ የተቆላ፣ ሱፍ ከተስማማት ሱፍ ፍትፍት በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ፣ በሶ ደግሞ በማር ወይም በዘይት ታሽቶ እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ። በሶው እጅ ላይ አይጣበቅም፣ እስከ ማታም ቢቆይ ምንም አይሆንም። ባለቤቴ ደብዳቤውን እኛ ትምህርት ቤት በር ካሉት ወላጆች አንዷ ጽፋ እንደነበር ነግራኛለች፤ ነገ ጠዋት ልጇን ስታደርስ ጠይቄ፣ ከፈቀደች ፎቶ አንስቼ እለጥፈዋለሁ።